እርማት ወይስ ማረሚያ ቤት? ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚነገር የምርጫ ቅስቀሳ ሐቀኝነትና ፍትሐዊነት

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ጽሑፋዊ ቅጂ)



ንግግሬን በሁለት ቀኖች ልጀምር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከተለየባቸው ነጥቦች አንዱ ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ማስፋቱ ነበር። ከስድስት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያውያን በአገሪቱ ታሪክ ሞቅ ያለ ክርክር ለተደረገበት አገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ተሰለፉ።

ሁለቱ ቀኖች ይህን ያህል ተቀራርበው ሳለ እርስ በርስ የተነጋገሩ አይመስሉም። ፓርቲዎቹ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ፌዴራል ሥርዓቱ፣ ስለ አሰብ ወደብ ተከራከሩ፤ ጽንስ ማቋረጥ ግን የምርጫው ዋና መከራከሪያ አልሆነም። ይህ ዝምታ ለዘለዓለም ይቀጥላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ጉዳዩ በቤተ እምነት፣ በጤና ተቋም፣ በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት ይነሣል። አንድ ቀን አንድ ፓርቲ የድምፅ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ያስተውላል። የጨዋታ ሕግ የሚወጣው ጨዋታው ሳይጀመር ነውና፣ ዛሬ ልንነጋገርበት ይገባል።

የዚህ ንግግር ማስታወቂያ የቃሊቲ ማረሚያ ቤትን ስም መጥቀሱ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ምርጫ፣ ጽንስ፣ እስር ቤት፤ ምን አገናኛቸው? መልሱ አጭር ነው። በሕጋችን መሠረት ከተፈቀደው ሁኔታ ውጭ ጽንሷን ያቋረጠች ሴት በእስራት ትቀጣለች። በሕጋችን መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ ሰውም በእስራት ሊቀጣ ይችላል። ሁለቱም መንገዶች አዲስ አበባ ላይ ሲጀመሩ መጨረሻቸው በደቡባዊው የከተማዋ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለ ማሕፀንም ሆነ ስለ አንደበት የምናወጣው ሕግ መድረሻው የት እንደሆነ እያየን እንድንናገር ስለፈለግሁ ነው ቃሊቲን የጠቀስሁት።

ቋንቋችንም ራሱ አንድ ነገር ይጠቁመናል። ጋዜጣ ሲሳሳት «እርማት» ያወጣል። የተፈረደበት ሰው ደግሞ «ማረሚያ ቤት» ይገባል። ሁለቱም ቃላት የተወለዱት «አረመ» ከሚለው አንድ ግሥ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ በምርጫ ቅስቀሳ የተነገረ ሐሰት የሚታረመው በእርማት ነው ወይስ በማረሚያ ቤት? የእኔ አቋም፣ የሐቀኝነት መስፈርቱ እጅግ ከፍ ያለ፣ ቅጣቱ ግን ከእስር ቤት የራቀ መሆን አለበት የሚል ነው። ጽንስ ማቋረጥ ራሱ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት በሚለው ላይ ዛሬ አልፈርድም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በሁለቱም ወገን ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የምናገረውም ለሁለታችሁም ነው።

፩. ሕጉን በግማሹ መናገር

«በኢትዮጵያ ጽንስ ማቋረጥ ተፈቅዷል።» «በኢትዮጵያ ጽንስ ማቋረጥ የተከለከለ ነው።» እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በሁለት የቅስቀሳ ሰሌዳዎች ላይ ተጽፈው አስቧቸው። የትኛው ይዋሻል?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 545 መነሻውን ያስቀምጣል፤ ጽንስን ሆን ብሎ ማቋረጥ በየትኛውም የእርግዝና ደረጃ፣ በየትኛውም ዘዴ ቢፈጸም፣ በአንቀጽ 551 ከተደነገገው በስተቀር ያስቀጣል። አንቀጽ 546 ጽንሷን ራሷ ያቋረጠችውን ሴት በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት በመርሕ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። አንቀጽ 551 ደግሞ በሩን ይከፍታል፤ እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የተከሠተ ከሆነ፣ የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች፣ በታወቀ የሕክምና ተቋም፣ የሕክምና ሙያ በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ የተደረገ ማቋረጥ አያስቀጣም። አንቀጽ 550 ከባድ ድህነትን ከቅጣት ነፃ የሚያወጣ ሳይሆን ቅጣትን የሚያቀል ምክንያት ያደርገዋል።

ስለዚህ «ተፈቅዷል» የሚለው አንቀጽ 545ን ይደብቃል፤ «ተከልክሏል» የሚለው አንቀጽ 551ን ይደብቃል። ሁለቱም ሐሰት ናቸው ለማለት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ግን አድማጩን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ሰሌዳ ያሳሳታት ሴት ሕጉ የማይሸፍናትን ድርጊት ፈጽማ ልትከሰስ ትችላለች። የሁለተኛው ሰሌዳ ያሳሳታት ሴት፣ ለምሳሌ ተደፍራ ያረገዘች ልጅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ስትችል ወደ ጓሮ ሐኪም ትሄዳለች። በሌላ ጉዳይ ግማሽ እውነት የአንድን ፖለቲከኛ ስም ያጎድፍ ይሆናል። እዚህ ግን ግማሽ እውነት ሰው ይገድላል ወይም ያሳስራል። ለዚህ ነው ለጉዳዩ የተለየ ጥንቃቄ የምጠይቀው።

አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ለቅስቀሳ ሰው ሁሉ የተመቸ ነው። በመደፈር ለተከሠተ እርግዝና የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። ተቃዋሚው «ሕጉ ለዋሸች ሁሉ ክፍት ነው» ይላል። ደጋፊው «ሕጉ ሴትን አምኗል» ይላል። የመጀመሪያው ድንጋጌው ለምን እንደተጻፈ አይናገርም፤ የመደፈር ክስ እስኪጣራ ድረስ ጽንሱ ማደጉን አያቆምም፤ የተደፈረች ሴትም ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ ፍርሃትና እፍረት ይይዛታል። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ቃል የሚያገለግለው ለሕክምና አገልግሎቱ እንጂ በተጠቀሰው ወንድ ላይ ጥፋተኝነትን ለማረጋገጥ እንዳልሆነ አያስረዳም። ሐቀኛ ቅስቀሳ ድንጋጌውን ከነምክንያቱ ያቀርባል፤ ከዚያም «እኔ ግን ምክንያቱን አልቀበለውም» ወይም «እቀበለዋለሁ» ይላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ።

፪. ቁጥር አይዋሽም፤ ቁጥር አቅራቢው ግን…

አሁን ወደ አኃዝ እንለፍ። የጉትማከር ተቋምና አይፓስ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ባደረጓቸው ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ 382,500 ያህል ጽንሶች ሆን ተብሎ እንደተቋረጡ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ግምቱ 620,300 ደረሰ። በመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላው 27 በመቶው፣ በሁለተኛው ዓመት 53 በመቶው በጤና ተቋማት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተከናወኑ ነበሩ።

ከእነዚህ አራት ቁጥሮች ሁለት ማስታወቂያዎችን ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው፤ «ሕጉ ከላላ ወዲህ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ብቻ፣ የሚቋረጡ ጽንሶች ቁጥር በ62 በመቶ ጨመረ!» ስሌቱ ትክክል ነው። ሁለተኛው፤ «ለሕጉ ምስጋና ይግባውና፣ ደኅንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ የሚደረግ ማቋረጥ ድርሻው በእጥፍ ያህል አደገ!» ይህም ስሌት ትክክል ነው።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ የሚዘለው ነገር አለ። በእነዚህ ዓመታት የሴቶች ቁጥርም አድጓል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 1,000 ሴቶች ውስጥ ያለውን መጠን ስንመለከት ጭማሪው ከ22 ወደ 28 ነው፤ ይህም 27 በመቶ ያህል እንጂ 62 በመቶ አይደለም። ጭማሪ መኖሩ ግን አይካድም። ሁለተኛው ማስታወቂያ የሚዘለው ደግሞ ይባስ የሚያሳስብ ነው። በመቶኛው ብናሰላ፣ ከጤና ተቋም ውጭ የተደረጉት በመጀመሪያው ዓመት 279 ሺሕ ያህል፣ በሁለተኛው ዓመት 292 ሺሕ ያህል ናቸው። ድርሻቸው ቀነሰ እንጂ ቁጥራቸው አልቀነሰም። ሕጋዊው አገልግሎት ሲስፋፋ በድብቅ የሚደረገው አብሮት አልጠፋም።

እንግዲህ ሐቀኛው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፤ «መጠኑ ጨምሯል፤ በሕጋዊ ተቋም የሚደረገው ድርሻ በእጥፍ ያህል አድጓል፤ ከተቋም ውጭ የሚደረገው ግን በቁጥር አልቀነሰም።» ለሰሌዳ ይረዝማል። ለማንም ወገን ሙሉ ድል አይሰጥም። ከዚህ ላይ ቁጥሮቹ በቆጠራ ሳይሆን በጤና ተቋማትና በባለሙያዎች ጥናት ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ግምቶች መሆናቸውን፣ አጥኚዎቹ ተቋማትም ለሕጋዊ አገልግሎት መስፋፋት የሚሟገቱ መሆናቸውን መናገር ይገባል። ይህ ጥናቱን ውድቅ አያደርገውም፤ አድማጩ ግን የማን ሚዛን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው በደጋፊዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የእናቶች ሞትን ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ 871 ነበር፤ በ2016 ደግሞ 412 ሆነ። «የ1997ቱ ሕግ የእናቶችን ሞት በግማሽ ቀነሰ» ለማለት ምን ይቀረዋል? መካከለኞቹን ዓመታት መዝለል ብቻ ነው የሚቀረው። ዳሰሳው በ2005 673፣ በ2011 676 ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ስድስት ዓመታት በዳሰሳው ላይ የታየ ለውጥ የለም። በሌላ በኩል በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 5 በመቶ በ2016 ወደ 26 በመቶ አድጓል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው ተሰማርተዋል። ሕጉ ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ከብዙ ምክንያቶች አንዱን ነጥሎ ዘውድ መድፋት ግን ሐቀኝነት አይደለም።

፫. እውነተኛ ሥዕልም ጥያቄ ያስነሣል

እስካሁን ስለ ቃላትና ስለ አኃዝ ተናገርሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚበረታው መሣሪያ ግን ሥዕል ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ልምድ ጥቂት ስለሆነ፣ የተፈተነውን የሌሎች ልምድ እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታኒያ ምርጫ፣ ፕሮላይፍ አሊያንስ የተባለ ጽንስ ማቋረጥን የሚቃወም ፓርቲ በዌልስ ስድስት ዕጩዎችን አቀረበ፤ ይህም አንድ የቴሌቪዥን የቅስቀሳ ሥርጭት እንዲያገኝ አስቻለው። ያዘጋጀው ፊልም የተቋረጡ ጽንሶችን ምስል በዝርዝር ያሳይ ነበር። ቢቢሲና ሌሎች አሰራጮች ተመልካችን የሚያሰቅቅ ነው ብለው አላስተላልፍም አሉ። በመጨረሻ የተላለፈው ምስሎቹ ወጥተው በባዶ ሰሌዳ ላይ «ታግዷል» የሚል ቃል የተተካበት ቅጂ ነበር። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ለፓርቲው ፈረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በአንድ ዳኛ የልዩነት ሐሳብ ለቢቢሲ ፈረዱ።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ክርክሩ ስለ ምን እንዳልነበረ ነው። ምስሎቹ ሐሰት ናቸው ያለ ወገን አልነበረም። ጥያቄው እውነት የሆነ ነገር ሲያሰቅቅ በምርጫ ወቅት ከሕዝብ ዓይን ሊሰወር ይገባዋል ወይ የሚለው ነበር። እኔ በልዩነት ወደቆመው ዳኛ አዘነብላለሁ። መራጩ እንዲወስንበት የሚጠየቀውን ነገር እንዳያይ መከልከል ለመራጩ ያለንን ግምት ዝቅ ያደርጋል። ይህን ስል ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎችን አክላለሁ። ሥዕሉ በየትኛው የእርግዝና ሳምንት እንደተነሣ ይገለጽ፤ የመጨረሻውን ወራት ምስል እያሳዩ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት መናገር በዓይን መዋሸት ነውና። እንዲሁም ማንነቷ የሚለይ ሴት ያለ ሙሉ ፈቃዷ አትታይ። ይህ ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ በጓሮ ሕክምና የሞተችን ሴት ፎቶ አንሥተው ለሚቀሰቅሱ የሕጉ ደጋፊዎችም እኩል ይሠራል። ሙታን ለማስታወቂያ ፈቃድ አይሰጡም።

፬. ውሸትን በእስር መቅጣት

ሁለተኛው የውጭ ምሳሌ ወደ ዋናው ጥያቄዬ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሱዛን ቢ. አንቶኒ ሊስት የተባለ ጽንስ ማቋረጥን የሚቃወም ድርጅት የኮንግረስ አባሉን ስቲቭ ድሪሃውስን የሚከስስ የጎዳና ሰሌዳ ለመትከል ተነሣ። ሰሌዳው ድሪሃውስ «በግብር ከፋይ ገንዘብ ለሚካሄድ ጽንስ ማቋረጥ» ድምፅ ሰጥቷል የሚል ነበር። ምክንያቱም በዚያው ዓመት ለወጣው የጤና መድን ሕግ ድምፅ መስጠቱ ነው። ድሪሃውስ በበኩሉ ክሱ ሐሰት እንደሆነ፣ ፕሬዚዳንቱም የፌዴራል ገንዘብ ለዚህ እንዳይውል ትእዛዝ እንደፈረሙ ተናገረ። በኦሃዮ በቅስቀሳ ጊዜ ስለ ዕጩ እያወቁ ሐሰት መናገር እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነበር። ድሪሃውስ ለግዛቲቱ የምርጫ ኮሚሽን አመለከተ። የሰሌዳው ባለቤት ክስን ፈርቶ ሰሌዳውን ሳይተክል ቀረ።

ድሪሃውስ በምርጫው ተሸነፈ። የሕጉ ክርክር ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጅቱ ሕጉን መሞገት እንደሚችል በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረ፤ በ2016 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና።

ሰሌዳው ሐሰት ነበርን? የጤና መድን ሕጉን ከነድጎማው፣ ከነልዩነቱ፣ ከነፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ አንብቦ የሚከራከር ሰው በሁለቱም ወገን ይኖራል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ምርጫ ሳምንታት ሲቀሩት በወንጀል ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ትርፉ አንድ ነው፤ ሰሌዳው ሳይተከል ይቀራል፤ መራጩም ክሱንም መልሱንም ሳይሰማ ያልፋል።

የእኛስ ሕግ? የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሠራጭ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር። ለሕጉ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሐሰት ሁሉ ወንጀል ነው አላለም። ተናጋሪው ሐሰትነቱን ያወቀ ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረ መሆን አለበት፤ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። እውነትነቱን ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው፣ ንግግሩም ወደ ፖለቲካዊ ትችት የሚያደላ ሰው አይነካም። ጥያቄው የምርጫ ማስታወቂያ «ፖለቲካዊ ትችት» ነው ወይስ «የሐቅ ዘገባ» የሚለው ነው። ቅድም የጻፍኋቸው ሁለት ማስታወቂያዎች የትኛው ናቸው? ሁለቱንም ናቸው። መልሱ በዐቃቤ ሕግ እጅ ከወደቀ፣ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የሚሾመው በምርጫው ከሚወዳደሩት በአንዱ ከሆነ፣ ፍትሐዊነት የት ላይ ይቆማል?

፭. ቃሊቲ ያስተማረን

ይህን የምለው በሐሳብ ደረጃ ብቻ አይደለም። የአገራችን ምርጫዎች ታሪክ ቃሊቲን ሳይጠራ አይተረክም።

በ1997ቱ የምርጫ ክርክር ወቅት ገዢው ፓርቲ ተቃዋሚውን ቅንጅትን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰለ። ከዚህ የከበደ የቅስቀሳ ቃል አይገኝም፤ ሕዝብን በጅምላ ከጨፈጨፈ ኃይል ጋር ማመሳሰል ነውና። ለዚያ ቃል እርማት የጠየቀ አካል ጉልበት አልነበረውም። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት፣ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን እንደገለጸው፣ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ከቃሊቲ ወጡ።

ከእነርሱ አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ የቀድሞ ዳኛ፣ ስለ ይቅርታው አሰጣጥ በስዊድን በተናገረችው ቃል የተነሣ በታኅሣሥ 2001 እንደገና ታስራ የዕድሜ ልክ ቅጣቷ ተመለሰባት። ክርክሩ ስለ አንድ ሐቅ አነጋገር ነበር፤ ይቅርታው ተጠየቀ ወይስ አልተጠየቀም፣ እንዴትስ ተገለጸ? «ቃሌ» ብላ በጻፈችው መግለጫ የራሷን አስረዳች። እውነቱ የማንም ይሁን የማን፣ የፖለቲካ ንግግር ትክክለኛነት በዕድሜ ልክ እስራት የተመዘነበት ቀን ነበር። በመስከረም 2003 ተፈታች፤ በኅዳር 2011 ደግሞ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ተሾመች። ከቃሊቲ ግቢ የወጣች ሴት የቅስቀሳን ሥነ ምግባር የሚያስከብረውን ተቋም መራች። ከዚህ በላይ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም።

እርሷ በመራችው የ2013ቱ ምርጫም ቃሊቲ አልቀረም። የባልደራስ ፓርቲ መሪ አቶ እስክንድር ነጋ በእስር ላይ ሳሉ በዕጩነት ይመዝገቡ ወይስ አይመዝገቡ የሚለው ክርክር እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም በግንቦት 2013 እንዲመዘገቡ ወሰነ። በሰኔ 14ቱ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ስማቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን በአደባባይ ቆመው ለተቀናቃኞቻቸው መልስ ሊሰጡ አልቻሉም። የክሳቸው ይዘት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቅስቀሳ ፍትሐዊነት ቀዳሚው መለኪያ የተነካው ወገን መልስ የመስጠት ዕድል ማግኘቱ ነው። እስር ይህን ዕድል ከሥሩ ይነቅለዋል።

በቃሊቲ ግቢ ከሴቶቹ ክልል እናቶቻቸውን ተከትለው የሚያድጉ ሕፃናት አሉ። ስለ ጽንስ፣ ስለ እናትነት፣ ስለ ሕይወት ክብር በሰሌዳና በቴሌቪዥን ስንናገር እነዚህ እናቶች ስለ እነርሱ የተባለውን ለማረም ማይክሮፎን የላቸውም። የቃሊቲን ዞኖች ቁጥር ወስደው ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ብለው የሰየሙ ወጣት ጸሐፍት ነበሩ፤ ግቢው ስምንት ዞኖች ካሉት ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው በማለት። በሚያዝያ 2006 ራሳቸውም ታሰሩ። ስያሜው ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅመናል፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለን ተናጋሪዎች የምንናገርላቸውን ሰዎች አንሰማም።

፮. ታዲያ ምን ይደረግ?

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። «በዚህ አገር ቃል ደም አፍስሷል፤ አንተ እርማት ትላለህ» የሚለኝ ይኖራል። ትክክል ነው፤ በቀጥታ ለጥቃት የሚያነሣሣ ንግግር ወንጀል ሆኖ መቅጣት አለበት። ነገር ግን ለጥቃት ማነሣሣትና ስለ ሕግ ወይም ስለ አኃዝ መሳሳት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር ለመጀመሪያው ቸልተኛ፣ ለሁለተኛው ጨካኝ ያደርገናል።

ሌላው ተቃውሞ ጊዜን ይመለከታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። ምርጫ ግን ቀን የተቆረጠለት ነው፤ እስኪጠራ አይጠብቅም። ይህ ተቃውሞ እውነት ነው፤ ግን ከእስር ቤት ይልቅ እርማትን ይደግፋል። የወንጀል ክስ ዓመታት ይፈጃል፤ ፍርዱ ሲመጣ ድምፁ ተቆጥሮ ምክር ቤቱ ተመሥርቷል። ፈጣን መሆን የሚችለው እርማት ነው።

የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ከእርሱም በፊት የነበረው የፖለቲካ ፓርቲዎች የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 662/2002፣ ፓርቲዎችን በሥነ ምግባር የሚያስሩ መርሖች ይዘዋል። በዚያ መሠረት ላይ አራት ነገሮች እንዲታነጹ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሚሠራጭ ማንኛውም የቅስቀሳ ማስታወቂያ ከከፋዩ ስም ጋር በምርጫ ቦርድ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ይቀመጥ። ዛሬ በአንድ ከተማ አንድ ነገር፣ ነገ በሌላ ከተማ ተቃራኒውን የሚናገር ፓርቲ በራሱ ቃል ይያዛል።

ሁለተኛ፣ ሕግ የሚጠቅስ ማስታወቂያ መርሑንና ልዩ ሁኔታውን አንድ ላይ ይጥቀስ፤ አኃዝ የሚጠቅስ ዓመቱን፣ ምንጩንና ከምን ያህል ሰው እንደተሰላ ይግለጽ።

ሦስተኛ፣ የመልስ መብት በ48 ሰዓት ውስጥ ይፈጸም፤ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ርዝመት። በሁለት ሰዓት ዜና ላይ የተነገረ ስሕተት እኩለ ሌሊት ላይ ቢታረም እርማት አይባልም።

አራተኛ፣ አሰራጭ ማስታወቂያ አልቀበልም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ጽሑፉም ይታተም።

ከእነዚህ አንዳቸውም እስራትን አይጠይቁም። ሁሉም ግን የሚናገረውን ሰው ሥራ ይጨምሩበታል፤ ይገባዋልም።

ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥና ላብቃ። ስለ ጽንስ ማቋረጥ የተነገረ አንድ መፈክር ስትሰሙ፣ በተለይ የራሳችሁ ወገን የተናገረውን፣ በወረቀት ላይ ጻፉት። ከሥሩ የተዘለለውን ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ከዚያ ተቃራኒው ወገን አንብቦ «አዎ፣ ይህ የእኔ አቋም በትክክል ነው» እንዲል አድርጋችሁ የእርሱን ሐሳብ ጻፉ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላም በአቋማችሁ ከጸናችሁ፣ አቋማችሁ የእናንተ ነው፤ ያለዚያ የማስታወቂያው ነው። እንዲህ ያለ እርማት በየቤቱ ከተለመደ፣ የቃሊቲ በር ለተናጋሪ የሚከፈትበት ምክንያት ይቀንሳል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ የተሳሳትሁት ካለም እዚሁ አርሙኝ።